ከዜሮ በስተግራ

ማክሰኞና ሐሙስ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሲል፣
በዘንባባው ጥላ ጥጉን ጥጉን ስል፣
የብስክሌቴ ሰንሰለት ወልቆ እጄን ግራሶ ሲቀባ፣
ድልድዩን አልፌ፣ አባይ ማዶ፣ ከነጥቁር እጄ ስገባ፣
አንሙት ይጠብቀኛል፣ ደፉ ላይ ተቀምጦ፣
የእርሳሱን ጫፍ በጥርሱ አኝኮ፣ መጥጦ።

ሰባተኛ ክፍል ነው። ካርዱን ያሳየችኝ
እናቱ እንጉዳይ ናት፣ ሰው ጠይቃ ያገኘችኝ።
"ሠላሳ ሁለት" አለች፣ በዘይት ጣቷ ነክታ፣
ቁጥሩን እንደ አቧራ ከካርዱ ልትጠርገው ቃጥታ።
ሐይቁ ዳር ዓሣ ትጠብሳለች፤
ቢልጫ በእጇ አንስታ ኪሎውን ትነግርሃለች፤
የልጇን ደብተር ግን በሩቁ ትሸሻለች።

ዋጋው በሰዓት መቶ ሃምሳ፣ በሳምንት ሦስት መቶ፤
የመጀመሪያው ወር ደህና፣ መጣ ተቆጥሮ፣ ሞልቶ።
ከዚያ እምቦጩ መጣና የውሃውን አፍ ዘጋ፤
መረቡ አረም ስቦ ወጣ፣ ሰማይ ነካ የዓሣ ዋጋ፤
እንጉዳይ "ለሳምንት" አለች፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ።
"ለሳምንት" እንደ ሐይቅ ነው፣ ዳርቻው ሲቀርቡት ይርቃል፤
ሦስተኛው "ለሳምንት" ሲመጣ ሰው ከሰው ዓይን ይደበቃል።
እኔም ሹም አቦ አከራይ አለኝ፣ በር የሚያንኳኳ በጠዋት፤
ድምፁን ስሰማ ትንፋሼን የምይዝ እንደ ሌባ ድመት።

የዚያ ቀን ትምህርታችን ነጋቲቭ ቁጥር ነበር፤
መስመር አሰመርኩና ዜሮን ተከልኩ እንደ ድንበር።
"በስተቀኝ ያለህ ነው፤ በስተግራ ያለብህ።"
"ምንም ከሌለኝስ?"
"ዜሮ ላይ ነሃ፣ ባዶውን ይዘህ በእጅህ።"
"አያቴ በታንኳ ሲሄድ ዘንጉን ውሃ ውስጥ ይሰዳል፤
ላዩን ዜሮ ካልነው፣ ጭቃው ነጋቲቭ ሦስት ክንድ ይሆናል?"
ልቤ ዘለለ። አምስት ዓመት ሙሉ አስተምሬ
እንዲህ ያለ ምሳሌ አልመጣልኝም እስከ ዛሬ።

ከዚያ ማባዛት ላይ ደረስን፤ እዚያች ላይ ብዙ ልጅ ይወድቃል።
"ነጋቲቭ በነጋቲቭ ሲባዛ ፖዘቲቭ ይወጣል።"
"ለምን?"
"ሕግ ነው።"
"ሕጉስ ለምን?"
ዝም አልኩ። ለኔም እንዲሁ ነበር፤ መምህሬ በአርጩሜ አስፈራርቶ
ሕጉን አስዋጠኝ እንደ ኮሶ፣ ምክንያቱን በኪሱ ከቶ።

"እንዲህ እንየው" አልኩ። አፌ ከልቤ ቀደመ።
"አንድ ሰው በየሳምንቱ ሦስት መቶ ብር ዕዳ ተሸከመ፤
ሦስት ሳምንት አለፈው። ስንት?" የአንሙት እርሳስ ቆመ።
"ነጋቲቭ ዘጠኝ መቶ" አለ። መስመሩን በስተግራ አየ፤
ከዚያ ጓዳውን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ።
"ይሄ እኛ ነን አይደል?"
"ቁጥር ነው" አልኩት፤ ውሸቱ አንገቴን አጋየ።
ከመጋረጃው ጀርባ ዓሣ የሚፍቀው ቢላዋ ዝም አለ።

"እሺ ቲቸር፤ ያ ዕዳ ከሰውየው ላይ ቢቀነስ፣
የሦስቱም ሳምንት ቢነሳለት፣ ወደ ቀኝ አይደል የሚገሰግስ?
ዘጠኝ መቶ ብር ከማግኘት በምን ያንስ?
ለዚህ ነው!" ብሎ ጮኸ፣ እርሳሱን አየር ላይ ለቀቀ።
ልመና አልነበረም፤ እምላለሁ፤ በሒሳቡ ብቻ ነው ፊቱ የደመቀ።
እኔ ግን አከራዬን አሰብኩ፤ ልቤ ወዲያው ተጨነቀ።

ሙሉውን ተውኩላቸው ብል ታሪኩ ያምር ነበር።
አልተውኩም። የአንዱን ሳምንት ብቻ፣ ሦስት መቶውን ብር፣
በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩ፣ ደብተሩ ጠርዝ ላይ፣ ሳልናገር።

ስወጣ እንጉዳይ በሩ ላይ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ
ሁለት ቆሮሶ ሰጠችኝ፣ የሐይቁ ውሃ ላዩ ላይ ያለ።
"ይሄ ከሒሳቡ አይገባም" አለች፣ ድምፅዋ ጠንከር እንዳለ።

ድልድዩ ላይ ሲነፍስ፣ ዓሣው ከመሪው ተንጠልጥሎ፣
ልደምር ሞከርኩ፦ ነጋቲቭ ስድስት መቶ፣
ሁለት ቆሮሶ፣ አንድ ልጅ "ለዚህ ነው!" ብሎ።
ድምሩ ሳይወጣልኝ ሰንሰለቱ ወለቀ፣ እንደ ልማዱ።
ወረድኩ። ከሥሬ አባይ ከሐይቁ ወጥቶ ይሄዳል፣ ሳይቆጥር፣ በመንገዱ።

ሐሙስ ማካፈል እንጀምራለን።